ጥያቄና መልስ፦ የሚንጠባጠበውን ቫልቭ እንድፈነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን 50 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር አለን። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ከእንፋሎት ጋር እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ የቦይለሩ መብራት ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቫልቭም ውሃ ይንጠባጠባል። አንድ ጎረቤታችን ቫልቩን እንድንደፍነው መክረውናል። ትናንሽ ልጆች ስላሉን ሰግተናል። (አንዲት እናት)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህን እንዳነበቡ የቦይለሩን ብሬከር ያጥፉ፤ ቫልቩን ግን በምንም ምክንያት አይድፈኑ። ጎረቤትዎ በቅንነት እንደመከሩዎት አንጠራጠርም፤ ነገር ግን አሁን ቤተሰብዎን እየጠበቀች ያለችው ያቺ ቫልቭ ናት። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ መጠኑ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል፤ ቫልቩ ውሃው ወደ ቀዝቃዛው መስመር እንዳይመለስ ስለሚያግድ፣ ትርፉ የሚወጣው በዚያችው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ቦይለሩ በሚያሞቅበት ሰዓት ጥቂት መንጠባጠቡ ጤናማ ነው። መውጫው ከተደፈነ ግን ግፊቱ ታንከሩን እስከማፈንዳት ሊደርስ ይችላል።

የብልሽቱን ቦታ የሚጠቁመው የማይጠፋው መብራት ነው። ቴርሞስታቱ ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥና መብራቱንም ማጥፋት ነበረበት፤ የውስጥ መገናኛዎቹ በሙቀት ብዛት ተጣብቀው ሲቀሩ ወይም ሙቀት የሚለካው ዘንግ ከቦታው ሲወጣ ግን ማሞቂያው ያለ ማቋረጥ ይሠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በክፍት ዕቃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በታንከሩ ውስጥ በግፊት ታፍኖ ከዚህ በላይ የጋለ ውሃ ቧንቧው ሲከፈት ግፊቱ ስለሚቀንስ ወዲያው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም ቧንቧ ይንፈቀፈቃል፤ ያ ግን አየር ስለሆነ በቀዝቃዛው ቧንቧም ይታያል፣ ጥቂት ቆይቶም ይቆማል።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። ቴርሞስታቱ ቢበላሽ እንኳ ከልክ ያለፈ ሙቀትን የሚያቋርጥ ሁለተኛ መከላከያ በብዙዎቹ ቦይለሮች ላይ አለ፤ በእርስዎ ቤት ይህም አልሠራም። ምናልባት ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይም ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶታል። እንዲህ ያለውን ጥገና አጥብቀን እንቃወማለን፤ ቦይለሩ ለጊዜው ቢሠራም ቤቱ ያለ ጠባቂ ይቀራልና።

ስለዚህ ታንከሩ እስኪቀዘቅዝ ታግሠው ብቁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። ቴርሞስታቱና መከላከያው፣ የአምፔር አቅማቸውና የዘንጉ ርዝመት ከቦይለሩ ጋር በሚስማማ አዲስ ዕቃ ይተኩ፤ የምድር ሽቦውም መያያዙ ይረጋገጥ። በማሞቂያው ላይ ነጭ ዝቃጭ ከተጋገረ በዚያው ይጸዳ።

ከጥገናው በኋላ ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ይህም ቢሆን በጥቂት ሴኮንድ ቆዳ ያቃጥላል፤ የልጆች ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፤ ስለዚህ ሲያጥቧቸው ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድመው ይቅዱ። ባለሙያውንም መብራቱ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ አብራችሁ ሳታዩ አያሰናብቱት።