ቀብድ ከፍሎ «ትቼዋለሁ» ማለት

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ጎንደር ነው። ከሠርጋችን በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት፣ ከባለቤቴ ጋር በታንዛኒያዋ ማፊያ ደሴት ጥቂት ክፍሎች ብቻ ባሉት ጸጥ ያለ ማረፊያ ሰንብተን ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ጋን ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ለመማር አስበን ለአንድ የጉዞ አገናኝ 60,000 ብር ቀብድ ሰጠን። አሁን ማረፊያው በሌላ ትልቅ ሆቴል መለወጡን በስልክ ነግሮናል። ጉዞውን ትተን ሌላ ቦታ ብንመርጥ ብሩን ማስመለስ እንችላለን? ለዳይቪንጉ በተላከልን የጤና ቅጽ ላይስ ሁሉንም «አይ» ብሎ መሙላት ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከጥያቄዎ ጋር የላኩትን ፎቶ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማፊያ ጉዞ ቀብድ ብር 60,000 ተቀብያለሁ፤ ዌል ሻርክ ማየትን ይጨምራል» የሚለው በግልጽ ይነበባል (ዌል ሻርክ ግዙፍ የባሕር ዓሣ ነው)፤ ከዚያ በታች ግን የተቀባዩ ስምና ፊርማ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የእርስዎ አውራ ጣት አርፏል። ጣትዎ ያረፈው በአጋጣሚ ከሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ይሁንና በጥያቄዎም ውስጥ የተቀባዩ ማንነት ስለተዘለለ ወረቀቱ ያልተፈረመ እንዳይሆን እሰጋለሁ። አገናኙ የተዋዋለው በራሱ ስም ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2197 መሠረት ተጠያቂው እርሱ ራሱ ነው፤ ማረፊያውን ወክሎ ከሆነ ደግሞ የውክልና ሥልጣኑ መታየት አለበት። ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ልከው ከሆነ የዝውውሩን ማስረጃ ዛሬውኑ ያሳትሙ።

ዋናው ጉዳይ ግን «ቀብድ» የሚለው ቃል ነው። በልማድ ማንኛውንም የመጀመሪያ ክፍያ ቀብድ እንለዋለን፤ ሕጉ ግን ለቃሉ የራሱን ውጤት ሰጥቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ እንደሆነ ከገለጸ በኋላ፣ በቁጥር 1885 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ያለ 60,000 ብር፣ ውሉን ያፈረሰው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ብቻ፣ ወይ ባዶ ወይ 120,000 ብር ሊሆን ይችላል። ደንበኞቼ በሠርግ አዳራሽም፣ በቤት ኪራይም፣ በመኪና ግዢም ተደጋግመው የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው፤ በደል ሲደርስባቸው በቁጣ ስልካቸውን አንስተው «በቃ ትቼዋለሁ፣ ብሬን መልስ» ብለው ይጽፋሉ፤ ያን መልእክት ተከሳሹ አትሞ ለፍርድ ቤት ያቀርበዋል፤ ተበዳዩም በገዛ እጁ አፍራሽ ሆኖ ይገኛል።

እርስዎም «ትተን ሌላ ቦታ ብንመርጥ» ብለው የጻፉት ይኸው አነጋገር ነው። እስካሁን ውሉን የለወጠው እርስዎ አይደሉም፤ አገናኙ ነው፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ለመለወጥም መብት የለውም። ታዲያ በስልክ ሲነግርዎት ምን መለሱለት? ይህንንም አልጻፉልኝም። «እሺ፣ እናያለን» ብለው ከሆነ ለውጡን ተቀብለዋል የሚል መከራከሪያ ሰጥተውታል ማለት ነው። አሁን የሚቀርዎት፣ በቁጥር 1772 መሠረት፣ በተስማማችሁበት ማረፊያ ውሉን እንዲፈጽም የተወሰነ ቀን ሰጥተው በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያንብበው። አገናኙ «ሆቴል ቀየርኩ እንጂ ውል አላፈረስኩም» ማለቱ አይቀርምና እጥፉን እንደሚያገኙ ከወዲሁ ቃል አልገባልዎትም።

ጎንደር ላይ ተቀምጬ ስለ ዌል ሻርክ መጻፌ ለራሴም ቢያስገርመኝ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ለጉዳይዎ ይጠቅማል። በታንዛኒያ ጠረፍ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥል ሲሆን በሚያዝያና በግንቦት ከማፊያ ትንንሽ ማረፊያዎች ብዙዎቹ ይዘጋሉ፤ ዌል ሻርክ ደግሞ በደሴቷ ዙሪያ በብዛት የሚታየው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። እኛ ፋሲካ ሲፈታ የምንደግሰው ሠርግ የሚውለው ከዚሁ ዝናብ ጋር ነው። ስለዚህ የመረጡት ማረፊያ በጉዞ ቀንዎ ዝግ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ከተዘጋና አገናኙም ይህን እያወቀ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሆነ ክርክርዎ ይጠነክራል።

ሌላ ማረፊያ የሚመርጡ ከሆነ «ጸጥ ያለ» የሚለው ቃል ብቻውን ፍርድ ቤት እንደማያስኬድ ይወቁ። የማረፊያው ስም፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ አንድ አሠልጣኝ ይዞ የሚጠልቀው ሰው ቁጥር፣ በጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩ፣ የዳይቪንግ ማዕከሉ የማረፊያው ይሁን የሌላ ድርጅት በውሉ ይጻፍ፤ ሁለቱ የተለያዩ ድርጅቶች ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነውና። የመጨረሻው ጠለቃና በረራው በአንድ ቀን ከተያዙ አይፈርሙ፤ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ከማፊያ ወደ ዳሬሰላም የምትወስደው ትንሿ አውሮፕላንም በረራ ናት።

የጤና ቅጹን በተመለከተ፣ ሙሉ ጤነኛ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒት እንዳላችሁ እገምታለሁ። ቅጹ «አዎ» የተባለበትን ሰው ወደ ሐኪም ይመራዋል እንጂ ሁልጊዜ ከጉዞው አያስቀረውም፤ የሐኪም ፈቃድ ይዞ የሚጠልቅ ብዙ ነው። በሐሰት የተሞላ ቅጽ ግን በመጀመሪያ ሕይወትን፣ ቀጥሎም መድኑን አደጋ ላይ ይጥላል፤ በእኛም የንግድ ሕግ ሆን ብሎ እውነቱን የደበቀ ሰው የመድን ውሉ ዋጋ ያጣል። ባለቤትዎን ሳያማክሩ በእርሷ ስም አንድም ሳጥን እንዳይሞሉ አደራ። ከዚያ ጋር የሚመጣውን የኃላፊነት ማንሻ ቅጽ («ጉዳት ቢደርስብኝ አልጠይቅም» ተብሎ የሚፈረመውን) በታንዛኒያ ሕግ የሚዳኝ ሊሆን ስለሚችል የዚያ አገር ጠበቃ ቢያየው ይመረጣል።

ዋናውን ወረቀት፣ የክፍያ ማስረጃውንና ከአገናኙ ጋር የተለዋወጣችሁትን መልእክት ሁሉ፣ ምንም ሳይሰርዙ፣ ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ጠበቃ ይሂዱ፤ ወረቀቱንም ጣትዎን አንሥተው እንደገና ፎቶ ያንሡት። ጠበቃው እስኪያየው ድረስ ለአገናኙ «ተውኩት» የሚል ቃል በስልክም በጽሑፍም አይንገሩት።