ከማረጥ በኋላ ሆርሞን፣ የጉበት ስብና ካንሰር፦ ከዕድራችን አባላት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚገኘው የዕድራችን አባላት፣ በተለይም ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ እናቶች፣ በጉበት ላይ ስለሚከማች ስብ ብዙ ጥያቄ አቅርበዋል። የዕድሩ አባል የሆንኩ የውስጥ ደዌ ሐኪም እንደመሆኔ፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ካረጥኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በአልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ ታይቷል፤ እኔ ግን ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። ማረጥ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሴት በመውለጃ ዕድሜዋ ሳለች ስብ በዳሌና በጭኗ ላይ እንዲቀመጥ፣ ሰውነቷም ለኢንሱሊን (የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን) በሚገባ እንዲታዘዝ ያግዛል። የእንቁላል ማምረቻ ዕጢዎች ሥራቸውን ሲያቆሙ ስቡ ወደ ሆድ ዕቃ ያደላል፤ ክብደትዎ ሳይጨምር ቦርጭ የሚወጣውም በዚህ የተነሳ ነው። ይህ ስብ ለጉበት ቅርብ ስለሆነ ወደ ጉበት ይገባል። አልኮል የማይቀምስ ሰውም ይይዘዋል፤ በዓለም ላይ ከአሥር አዋቂዎች ሦስቱ ገደማ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስቡ ወደ ካንሰር ይለወጣል?

መልስ፦ ስቡ ራሱ ካንሰር አይሆንም፤ አብዛኞቹ ባለ ስብ ጉበቶችም እዚያ አይደርሱም። በአንዳንድ ሰዎች ግን ስቡ ጉበትን ያስቆጣል፣ ቁጣው ለዓመታት ሲቆይ ጠባሳ ይፈጥራል፣ ጠባሳው ጉበቱን ሲያኮማትረው (ሲሮሲስ የምንለው ነው) የካንሰር አደጋ ከፍ ይላል። አልፎ አልፎ ሲሮሲስ ሳይመጣም ይከሰታል።

የጉበት ካንሰር በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል። የአልኮልና የሲጋራ ልማድ ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል፤ ሆርሞንም ድርሻ ያለው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአይጥ ጥናት ኤስትሮጅን በጉበት የመከላከያ ሕዋሳት የሚመነጨውን ኢንተርሉኪን-6 የተባለ ቁጣ ቀስቃሽ ፕሮቲን እንደሚገታ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይሁንና ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻ ዕጢዎቻቸው በቀዶ ሕክምና የወጡላቸው ሴቶች ላይ የጉበት ካንሰር በርከት ብሎ መታየቱ ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

ጥያቄ፦ ካረጥን በኋላ የወንድ ሆርሞን ይበዛብናል ይባላል። የሆርሞን ምርመራ ላድርግ?

መልስ፦ ነገሩ ከሚባለው ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ጉበት የፆታ ሆርሞኖችን አስሮ የሚይዝ ፕሮቲን ያመርታል። ጉበቱ በስብ ሲሞላና በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ሲበዛ ይህ ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ስለዚህ አጠቃላይ መጠኑ ሳይጨምር ያልታሰረው ቴስቶስትሮን (ዋናው የወንድ ሆርሞን) ድርሻው ከፍ ይላል። በሌላ በኩል የሰውነት ስብ የወንድ ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጅን ይቀይራል። በመሆኑም ያረጠች ወፍራም ሴት ከቀጭኗ ይልቅ ብዙ ኤስትሮጅን ሊኖራት ይችላል፤ የጡትና የማሕፀን ካንሰር አደጋዋም በዚሁ ይጨምራል። «ኤስትሮጅን ጎደለ፣ ካንሰር መጣ» የሚለውን ቀላል አነጋገር የማልቀበለው ለዚህ ነው። የሆርሞኑ ልኬት የጉበትዎን ሕክምና ስለማይለውጠው ገንዘብዎን አያባክኑበት።

ጥያቄ፦ ሆርሞኑን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ብውጥስ?

መልስ፦ ለጉበት ብለው አይውሰዱ። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ሌላ የሴት ሆርሞን ዓይነት) አጣምሮ የሰጠው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ከጊዜው በፊት የተቋረጠው የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት ጉዳት በመታየቱ ነው። የሚያሠቃይ የሙቀት ስሜት ላለባት ሴት በሐኪም ክትትል የሚሰጥበት አግባብ አለ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ሙሉ እጾማለሁ። ስቡን አያጠፋልኝም?

መልስ፦ በጾሙ በሚበሉት ይወሰናል። ቅቤና ሥጋ ቀርቶ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ ከተተካ ጉበት የሚያርፍበት ነገር የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ በልክ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው አራት ኪሎ ቢቀንስ የጉበት ስቡ ይቀንሳል፤ ወደ ስምንት ኪሎ ቢደርስ ቁጣውና ጠባሳውም ሊሻሻሉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ምርመራ ላስቀድም?

መልስ፦ በእኔ አስተያየት የሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ምርመራን። ክትባቱ በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ የእርስዎ ትውልድ አላገኘውም፤ ቫይረሱና ስቡ ሲደራረቡ ደግሞ አደጋው ይከፋል። ቀጥሎ የስኳር፣ የጉበት ኢንዛይሞችና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የደም ሕዋሳት) ምርመራ ያድርጉ። ሐኪሙ ኢንዛይሞቹንና ፕላትሌቱን ከዕድሜዎ ጋር አስልቶ የጠባሳውን ስጋት ይገምታል። ሲሮሲስ ከተገኘ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፤ ምንም ሳያምዎት ቢቆዩም ቀጠሮውን አይዝለሉ።

ጥያቄ፦ ቡናስ ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። ቡና በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ እንደሚታይ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ተመልክቷል። መቀነስ ያለበት በየስኒው የሚጨመረው ስኳር ነው፤ በጨው የምትጠጡ ደግሞ የደም ግፊት ካለባችሁ ጨውን ተዉት።