የጎልፍ አይረን ልቀይር ነው፣ የቱን ልግዛ? ጥያቄና መልስ

ስለ አይረን (ራሱ ብረት የሆነ የጎልፍ ዱላ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሱ ይርቃል) ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። አብዛኞቻችሁ ጨዋታውን የምታውቁ፣ ሃንዲካፓችሁ (የተጫዋች ደረጃ ቁጥር፤ ያነሰ ያለው ይበልጣል) ከ10 በታች የሆነ ናችሁ። ስለዚህ ከሀ ሁ አልጀምርም።

ጋሼ፣ ሃንዲካፔ 7 ነው። አይረኖቼ 12 ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቅ ሄጄ አዲስ 7 ቁጥር ስሞክር ከድሮዬ 15 ያርድ በለጠ። ልግዛው? (ከሜሪላንድ)

ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ የሁለቱን ሎፍት (ፊታቸው ወደ ኋላ የሚያዘምበትን ዲግሪ፤ ሲያንስ ኳሱ ይርቃል) ጠይቅ። የድሮ 7 ቁጥር 34 ወይም 35 ዲግሪ ነበር። ዛሬ ለርቀት ተብለው የሚሠሩት 27 እና 28 ድረስ ይወርዳሉ። ይሄ እኮ በድሮው ስሌት 5 ቁጥር ነው! ከ15 ያርዱ አብዛኛውን የሰጠህ ዱላው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።

አንተ የሚያስፈልግህ ኳሱ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ቁጭ ማለቱ ነው። ስለዚህ የሱቁ መለኪያ ስክሪን ላይ ከርቀቱ ወረድ ብለህ ኳሱ በስንት ዲግሪ እንደሚወርድ እይ፤ ቁልቁል የወረደ ኳስ ቶሎ ይቆማል። የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ውድድር) ተጫዋቾች 7 ቁጥር በአየር ላይ በአማካይ ከ170 ያርድ በላይ ይሄዳል። ሲወርድ ግን ወደ 50 ዲግሪ ነው፤ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ። እኔ በ7 ቁጥር ከ45 ዲግሪ በታች የሚወርድልኝን አይረን አልገዛም።

ሌላም ጣጣ አለው። ለርቀት የሚሠሩት ስብስቦች ፒቺንግ ዌጅ (ለአጭር ምት የሚሆን ዱላ) 43 ዲግሪ ገደማ ነው። ሳንድ ዌጅህ (የአሸዋ ዱላህ) 56 ከሆነ መሀሉ ላይ 13 ዲግሪ ባዶ ቀረ ማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት ዌጅ ትጨምራለህ። ደንቡ የሚፈቅደው 14 ዱላ ብቻ ስለሆነ፣ የቱን ልታወጣ ነው? ከመክፈልህ በፊት ይህን ወረቀት ላይ ጻፈው።

ሃንዲካፔ 4 ደርሷል። ብሌድ (ጀርባው ድፍን፣ ራሱ ቀጭን) ልግዛ ወይስ ካቪቲ (ጀርባው የተቦረቦረ)? (ከለንደን)

እንኳን ደስ አለህ! ግን ብሌድ ሽልማት አይደለም። የዱላ ኩባንያው የፒንግ መሥራች ካርስተን ሶልሃይም መሐንዲስ ነበር። የዱላውን ራስ ክብደት ከመሀል አንስቶ ወደ ዳርና ዳር ሲያደርገው ፊቱ በቀላሉ የማይጠማዘዝ ሆነ። የካቪቲ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ኳሱን ከመሀል ስትስት ብዙ ርቀት አታጣም።

የኔ ምክር ቀላቅል ነው። ከ4 እስከ 6 ካቪቲ፣ ከ7 እስከ ፒቺንግ ዌጅ አነስ ያለ ራስ። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ብቻ ሎፍቱን አስለካ። 6 ቁጥሩ ጠንካራ (ሎፍቱ ያነሰ)፣ 7 ቁጥሩ ደካማ (ሎፍቱ የበዛ) ከሆነ መሀሉ 20 ያርድ ይከፈታል።

ሻፍት (የዱላው ዘንግ) ያን ያህል ለውጥ አለው? (ከዳላስ)

አለው፣ በጣም! እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ጎበዝ ተጫዋች ከባድ ስቲል ነው የሚይዘው ሲሉኝ፣ 130 ግራም ገደማ የሚመዝን አስገጠምኩ። ጠዋት ሜዳው ላይ ግሩም ነበር። ከ13ኛው ጉድጓድ በኋላ ግን ክንዴ ዛለ፣ ኳሱ ሁሉ ወደ ቀኝ ይቀር ጀመር። አንድ ሙሉ ክረምት ጥፋቱን ከስዊንጌ ፈለግሁ። አሁን 105 ግራም ነው የምይዘው። ስትሞክር 6 ኳስ መትተህ አትውጣ፤ 50 ምታና የመጨረሻዎቹን 10 እይ።

ሃንዲካፔ 9 ነው። የትም ብሄድ የሴቶች ስብስብ ነው የሚያሳዩኝ። (ከስቶክሆልም)

እህቴ፣ ዱላው ፆታሽን አያውቅም። ፍጥነትሽንና ቁመትሽን ያስለኩ፣ ምርጫው ከዚያ ይምጣ። በአንቺ ደረጃ የወንዶች የሚባለው ቀላል ሻፍት ሊስማማሽ ይችላል። 4 እና 5 ቁጥርን ግን ተያቸው፤ በሃይብሪድ (ራሱ ወፈር ያለ፣ ለመምታት የሚቀል ዱላ) ተኪያቸው።

እኔ የምጫወተው አዲስ አበባ ነው። ከውጭ ሊላክልኝ ነው። ምን ልበላቸው?

ከፍታውን አስቡበት፣ ጋሼ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይርቃል፤ ግን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይልም ስለሚቀንስ ዝቅ ብሎ ይወርዳል፣ ግሪኑ ላይም ይንሸራተታል። ርቀቱን አየሩ ሰጥቶዎታል፤ ሎፍቱ ያልተጠነከረ፣ ኳስ ከፍ የሚያደርግ ይላክልዎ።

ላይ አንግሉን (ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሻፍቱ የሚያዘምበትን ማዕዘን) ደግሞ እዚያው ራስዎ ማየት ይችላሉ። ኳሱ ላይ በማርከር ወፍራም መስመር ያስምሩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ዱላው ፊት ይዙር፤ ከዚያ ይምቱ። ፊቱ ላይ የታተመው መስመር ቀጥ ካለ ልክ ነው። አናቱ ወደ ዱላው ራስ ጫፍ (ከሻፍቱ ወደራቀው ጎን) ካዘመመ ዱላው ለእርስዎ በጣም የቆመ ነው፤ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ኳሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ተረከዙ (ለሻፍቱ ወደቀረበው ጎን) ካዘመመ ተቃራኒው ነው። ለስላሳ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ብረት 1 ወይም 2 ዲግሪ በቀላሉ ይታጠፋል። ብዙው ካስት (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ) ግን ጠንካራ ስለሆነ ያስቸግራል። ላኪው ሰው ከመላኩ በፊት እዚያው ያስተካክለው።

ያገለገለ ብገዛስ? (ከዱባይ)

ግዛ፣ እኔም ብዙ ጊዜ የምገዛው ያገለገለ ነው። 9 ቁጥሩንና ፒቺንግ ዌጁን ብቻ ደህና አድርገህ እያቸው፤ ቶሎ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ጥፍርህን ፊቱ ላይ ባሉት መስመሮች ላይ ጎትት። ካልያዘህ ተወው። የመስመሮቹን ጠርዝ ስለት የሚገድበው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነና ውድድር የምትገባ ከሆነ መጀመሪያ የውድድሩን ኮሚቴ ጠይቅ።