ክኒኑና ጠበሉ አይጣሉም

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቅዳሴ ቆሜ ድንገት ልቤ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ልቤን ተመርምሬ ደህና ነው ተብያለሁ። ሐኪሙ የጭንቀት ሕመም ነው ብሎ ክኒን አዘዘልኝ። ጎረቤቶቼ ግን «ዓይነ ጥላ ነው፣ እምነትሽ ላልቶ ነው» ይሉኛል። ሸንኮራ ዮሐንስ ልጠመቅ ስለሆነ ክኒኑን ላቁም?

መልስ፦ እኅቴ፣ አታቁሚ።

«በአንዳች አትጨነቁ» የምትለውን ጥቅስ ሳይጠቅሱብሽ አልቀሩም። የጻፋት ቅዱስ ጳውሎስ ግን ራሱ የአብያተ ክርስቲያናት አሳብ ዕለት ዕለት እንደሚከብድበት ተናግሯል (2ኛ ቆሮ. 11፥28)። ታዲያ እሱም እምነቱ ላልቶ ነው?

ኤልያስን ደግሞ ተመልከቺ። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያስወረደ ነቢይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ ክትክታ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ቀርቦለት ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19)።

ርኩስ መንፈስ የለም አልልሽም፤ ወንጌል ይመሰክራል። ልብ በመታ ቁጥር ጋኔን መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውነት አደጋ ሳይኖር አደጋ ያለ ሲመስለው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል። ልብ የሚሮጠው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ብሶ ይበርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመም ነበረበት። (ቡናውንም ቀነስ አድርጊ፣ ልብ ያስመታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ቡና እንደሚያስወድድ አውቃለሁ።)

ለዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ክኒን ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። «ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ለአንዳንዱ እውነት ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም፤ ያንቺ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው። በድንገት ማቋረጥ ጣጣ አለው። መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው (ሲራክ 38፥4)። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ሸንኮራ ላይ አንዱ «ክኒኑን ጣይው» ቢልሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ እንጂ እንዳትጥዪ።

ቅዳሴ ላይ ሲነሣብሽ ወደ ቤት አትሩጪ። በሩ አጠገብ ቁሚ፣ ካቃተሽ ተቀመጪ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ብትወጪም ሲበርድልሽ ተመለሺ። መሸሽ በለመድሽ ቁጥር ፍርሃቱ እየሰፋ ነው የሚሄደው፤ ሐኪሞቹም የሚሉት ይህንኑ ነው።