ብርቅ ተክል ከመትከላችሁ በፊት፦ የጓሮ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ መቆፈር፣ መዝራት፣ መንቀል ሰልችቷችኋል። አንዴ ተክላችሁት ለዓመታት የምትበሉት፣ ከቻለም ጎረቤት አይቶት የማያውቅ ነገር ትፈልጋላችሁ። ጥሩ። ግን ቋሚ ተክል እንደ ሰላጣ አይደለም፤ ባትወዱት በሁለት ወር አትገላገሉትም። ስለዚህ አንዳንዱ መልሴ «ተውት» የሚል ነው፣ እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ቢበዛ አራት በአምስት ሜትር ቢሆን ነው። ያልተለመደ፣ የሚበላና ለዓመታት የሚቆይ ተክል ፈልጌ ዝርዝር ስይዝ 23 ደረሰ። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ሃያውን ከመሰረዝ ጀምሪ። እየቀለድኩ አይደለም። በእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስት ነገር ጻፊ፦ በሳምንት ስንት ቀን ትበዪዋለሽ፣ ሲያድግ ምን ያህል ቦታ ይይዛል፣ ደግሞ አንድ ቀን ቢያስጠላሽ እንዴት ነው የሚወጣው። ሦስተኛውን ማንም አይጠይቅም። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ወረድ ብለሽ ታዪዋለሽ።

ብርቅ ፍለጋ ሩቅ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ እጅሽ ላይ ያለውን እዪ። ቃሪያ በተፈጥሮው ቋሚ ተክል ነው። ውርጭ በማይመታበት ቦታ ከርከም እያደረጉ ቢይዙት ለተወሰኑ ዓመታት ያፈራል፤ በየዓመቱ የምንነቅለው ስለለመድን ነው። ስኳር ድንችም እንዲሁ፣ እሱማ ቅጠሉም ተቀቅሎ ይበላል። ከአንድ ተክል ሁለት ምግብ ማለት ነው፣ አብዛኛው ሰው ግን ሥሩን አውጥቶ ቅጠሉን ይጥላል።

አዲስ ነገር ካልሽ፣ ቦታሽ ሞቃት ከሆነ ሽፈራው ትከዪ፣ ሞሪንጋ የሚሉት። ዛፍ ነው ብለሽ አትፍሪ። አንድ ሜትር ከግማሽ ገደማ ሲደርስ ጫፉን ቁረጪው፣ ከጎንና ከጎን ያቆጠቁጣል፣ ከዚያ በኋላ እጅሽ በሚደርስበት ቁመት ቅጠል እየቀጠፍሽ ትኖሪያለሽ። ካልቆረጥሽው ግን ሽቅብ ይተኮስና ቅጠሉን ከታች አንጋጠሽ ማየት ብቻ ነው የሚተርፍሽ። ብርድ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ተጓዥ የሚባለውን ሽንኩርት ሞክሪ። ትንንሽ ሽንኩርቶች የሚያፈራው ግንዱ አናት ላይ ነው፤ ሲከብዱት ጎንበስ ብሎ መሬት ይነካል፣ እዚያው ይበቅላሉ። በየዓመቱ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። ልጆች ካሉሽ በጣም ይወዱታል።

ጥያቄ፦ አስፓራገስ ተክዬ ሁለት ዓመት አትንካው ተባልኩ። እውነት ነው ወይስ ማጋነን ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ አትንካው። በተለይ ከዘር ካበቀልከው። የምትበላው ቀንበጥ ካልተቆረጠ አድጎ እንደ ላባ የሳሳ ቅጠል ያወጣል፤ ለቀጣዩ ዓመት ሥሩን የሚመግበው ያ ቅጠል ነው። ቶሎ ከቆረጥከው ሥሩን ታስርበዋለህ። በሦስተኛው ዓመት ለጥቂት ሳምንት ቁረጥ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆርጠህ የቀረውን ልቀቀው። በደንብ ከያዝከው 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሰጥሃል፣ ስለዚህ ሁለት ዓመቱን እንደ ቀብድ ቁጠረው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ተክሉ ወንዴና ሴቴ አለው። ሴቴው ጉልበቱን ለፍሬ ስለሚያወጣ ወንዴው ብዙ ቀንበጥ ይሰጣል። ቀያዮቹን ፍሬዎች ደግሞ እንዳትቀምስ፣ መርዛም ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት የኢየሩሳሌም አርቲቾክ (እንደ ድንች አፈር ውስጥ የሚያፈራውን) ስድስት ፍሬ ብቻ ተከልኩ። አሁን መደቡን ሙሉ ወርሶታል፣ ድንቹንም ካሮቱንም ውጦታል። ለቤተሰብ ቀቅዬ ባቀርብም ሆዳችን ተነፍቶ ሌሊቱን ማን እንደተኛ እግዜር ይወቅ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እርስዎ ብቻዎን አይደሉም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አጥር ሥር አራት ፍሬ ቀብሬ «እንዴት ያለ ትጉህ ተክል ነው» እያልኩ ለሰው ሁሉ አሳይ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት የአጥሩ ማዶ ሰው በትህትና «ይኼ ያንተ ነገር ወደ እኛ መጥቷል» አለኝ። አፈርኩ። ነቅዬ ጨረስኩ ባልኩ ቁጥር በቀጣዩ ዝናብ ብቅ ይላል። ምክንያቱም አፈር ውስጥ የቀረች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ እንኳ ሙሉ ተክል ትሆናለች፣ ስትቆፍሩ ደግሞ በዶማው ራሳችሁ ትቆራርጡታላችሁ።

ሲጀመር ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። ከኢየሩሳሌም አልመጣም፣ አርቲቾክም አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ተክል ነው፣ የሱፍ የቅርብ ዘመድ፣ ሦስት ሜትር ድረስ የሚያድግ። የስሙ ነገር ጣሊያኖች ሱፍን ከሚጠሩበት «ጂራሶሌ» ተበላሽቶ ነው ይባላል።

የማጥፋቱ ዘዴ ጊዜ መምረጥ ነው። አሁን ሁሉንም ለመቆፈር አይድከሙ። መጀመሪያ የሚገኘውን ፍሬ ያውጡ። ያመለጠው ሲበቅል ጉልበት እስኪደርስ ይተዉት። በዚያን ጊዜ የተቀበረውን አሮጌ ፍሬ ለመብቀል ተጠቅሞበታል፣ አዲሱን ደግሞ ገና አልሠራም፤ ባዶ እጁን ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ከነሥሩ ይንቀሉት። እንደገና ከወጣ እንደገና። በዚህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቃል። መልሰው መትከል ከፈለጉ ግን ታቹ ባለበት ትልቅ በርሜል ወይም ሳጥን ውስጥ እንጂ ክፍት መሬት ላይ አይሞክሩት።

ወደ ሆድዎ ስመለስ፣ ጥፋቱ ኢኑሊን የሚባለው ካርቦሃይድሬት ነው። ድንች ስታርች ሲያከማች ይኼኛው ኢኑሊን ያከማቻል፣ የሰው ሆድ ደግሞ ኢኑሊንን መፍጨት አይችልም። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች በደስታ ይቀበሉታል፣ ውጤቱን እርስዎ ያውቁታል። መፍትሔው ሎሚ ጨምሮ ረዘም ላለ ጊዜ መቀቀል ነው፤ አሲዱና ሙቀቱ ኢኑሊኑን ይሰባብሩታል። ብርድ ላይ የከረመ ፍሬም ይሻላል። ደግሞ በትንሽ በትንሹ ይጀምሩ፣ ያን ሁሉ ሰሃን ሙሉ አያቅርቡ። እንግዳ በሚመጣበት ቀን በጭራሽ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የቻያ ቁራጭ ሰጥታኝ ተክዬው በጣም አምሮበታል። ቅጠሉን እንደ ሰላጣ ጥሬውን ብይው ትለኛለች። ልክ ናት?

መልስ፦ አይደለችም። ጥሬውን እንዳትነኪው። ቻያ ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣ ግሩም የቅጠል አትክልት ነው፣ ቁራጩን አፈር ውስጥ ብትሰኪው ይበቅላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ተባይም ብዙ አይደፍረውም። የማይደፍረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሬ ቅጠሉ ውስጥ ሲያናይድ የሚባል መርዝ የሚለቅ ነገር አለ። ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ክዳኑን ከፍተሽ ቀቅዪው፣ ሲያናይዱ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሚ። ስትቀጥፊውም ጓንት አድርጊ፣ አንዳንዱ ዓይነት የሚያሳክክ ፀጉር አለው፣ ነጩ ፈሳሹም ቆዳ ያስቆጣል። ከተቀቀለ በኋላ ግን ሳትጨነቂ ብዪ፣ እኔ ራሴ ከቆስጣ አስበልጠዋለሁ።

ይኼን ጥያቄ ስላነሳሽ ሌሎቻችሁም ስሙኝ። «ይበላል ወይ?» እና «ጥሬው ይበላል ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛም አለ፤ «የትኛው ክፍሉ ነው የሚበላው?» ሩባርብ የሚባለው ተክል ግንዱ ጣፋጭ ነገር ይሠራበታል፣ ቅጠሉ ግን በኦክሳሊክ አሲድ የተሞላ መርዝ ነው። ጎደሬ ጥሬውን ጉሮሮ ይወጋል፣ ሲበስል ግን ሰላም ነው። ካቱክ የሚባል ሌላ ቅጠል ደግሞ አለ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ አብስለው ይበሉታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ታይዋን ውስጥ ክብደት ይቀንሳል ተብሎ ጥሬውን እየጨመቁ በብዛት የጠጡ ሰዎች ግን ሳንባቸው ክፉኛ ተጎዳ፣ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ሳንባም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ተክሉ ያው አንድ ነው። የተለየው አዘገጃጀቱና መጠኑ ነው። ስለዚህ አዲስ ተክል ሲሰጧችሁ ችግኙን ብቻ አትቀበሉ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅም ጠይቁ፣ ሰጪው ካላወቀ ራሳችሁ ሳታጣሩ ድስት ውስጥ አትጨምሩት።

ጥያቄ፦ ትንሿ ኪዊ (ለስላሳ ቆዳ ያላት፣ ሳትላጥ የምትበላው) ከተከልኳት አምስት ዓመቷ። ዘንድሮ አበባ በአበባ ሆነች፣ ፍሬ ግን አንድም የለም።

መልስ፦ ባል የላትም። ወይም ደግሞ እሷ ራሷ ወንድ ነች። ኪዊ እንደ አስፓራገሱ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው። አበባው ሲፈካ መሐሉን እይ፦ ነጫጭ ክሮች እንደ ኮከብ ተበትነው ቆመው ካየህ ሴቴ ነች፣ የአበባ ዱቄት የተሸከሙ ዘንጎች ብቻ ከሆኑ ወንዴ ነው። አንድ ወንዴ ከ6 እስከ 8 ለሚሆኑ ሴቴዎች ይበቃል፣ ስለዚህ አንድ ችግኝ ብቻ ነው የሚጎድልህ። የምትገዛው ከዚያችው ዝርያ ይሁን፣ በተመሳሳይ ጊዜ እንዲያብቡ። እንደገና መጠበቅህ ነው፣ አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ ኮምፍሪ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው፣ በሻይ ይጠጣል፣ ለማዳበሪያም ይሆናል ይሉኛል። ልትከል?

መልስ፦ ለማዳበሪያው ትከል፣ ሻዩን ተወው። ኮምፍሪ አልካሎይድ የሚባሉ ጉበት የሚጎዱ ኬሚካሎች አሉት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2001 (እ.ኤ.አ.) አምራቾች በአፍ የሚወሰዱ የኮምፍሪ ምርቶችን ከገበያ እንዲያወጡ የጠየቀው ለዚህ ነው። «የጥንት ሰው ይጠጣው ነበር» ለሚለው፣ የጥንት ሰው ብዙ ነገር ይጠጣ ነበር።

ለአፈሩ ግን እወደዋለሁ። ቅጠሉ ፖታስየም አለው፣ ቶሎ ይበሰብሳል፣ በዓመት ደጋግመህ አጭደህ ከፍራፍሬ ዛፎችህ ሥር ትጎዘጉዘዋለህ። ስትገዛ ቦኪንግ 14 የሚባለውን ጠይቅ፣ እሱ ዘር አያፈራም፣ ስለዚህ በየቦታው አይበተንም። ቦታውን ግን አስበህበት ምረጥ። ሥሩ ተሰብሮ የቀረ ሁሉ ስለሚበቅል እንደ አርቲቾኩ ነው፣ አንዴ ከተተከለ መኖሪያው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የሚበላ ባይሆንም ጠቃሚ የሆነ ቋሚ ተክል አለ? ጓሮዬ ተዳፋት ነው፣ ዝናብ አፈሬን ይወስደዋል። ሉፋም አስቤ ነበር፣ ለገላ መታጠቢያ።

መልስ፦ ሉፋ ጎበዝ ሐረግ ነው ግን ቋሚ አይደለም፣ በየዓመቱ መዝራት አለብሽ። ለተዳፋቱ ቬቲቨር ትከዪ። ሣር ነው፣ ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሦስት አራት ሜትር ይወርዳል። ከቁልቁለቱ በአግድም፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቅሽ በመስመር ትከዪው፣ ሲገጥም እንደ ግድግዳ ሆኖ ደለሉን ይይዘዋል። ለዚህ የሚተከለው ዓይነት የሚበቅል ዘር ስለማይሰጥ አረም አይሆንብሽም። ቅጠሉን አጭደሽ ለጉዝጓዝ ታደርጊዋለሽ፣ ሥሩም ጥሩ ሽታ አለው።

መታጠቢያ ካልሽ ሳፖናሪያ የምትባል ሮዝ አበባ ያላት ተክል አለች፣ ሥሯና ቅጠሏ ውኃ ውስጥ ሲታሽ እንደ እንዶድ አረፋ ያወጣል። ስስ ጨርቅ ለማጠብ ትሆናለች። ዓሣ ያለበት ኩሬ አጠገብ ግን አትትከዪያት፣ ዓሣ ትገድላለች።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። በረንዳ ብቻ ነው ያለኝ፣ ነገ የት እንደምሄድም አላውቅም። እኔስ?

መልስ፦ አንተማ ከሁላችንም ትሻላለህ፣ ተክልህን ይዘህ ትሄዳለህ። ጠጅ ሣር በባልዲ ይኖራል፣ ሲጠብበው ከነሥሩ ከፍለህ ግማሹን ለሰው ትሰጣለህ። ስቴቪያም ባልዲ አይጠላም፣ አንድ ቅጠል አኝክ፣ ጣፋጭነቱ ያስቅሃል፤ ሊያብብ ሲል ጫፉን ቀንጥበው። ብሉቤሪ ደግሞ እንዲያውም ከመሬት ይልቅ ዕቃ ውስጥ ይቀላል፣ ምክንያቱም ፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ በጣም አሲዳማ አፈር ይፈልጋል፣ ይኼን ደግሞ በአንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ማዘጋጀት ጓሮ ሙሉ አፈር ከመቀየር ይሻላል። የባልዲውን ታች መብሳት እንዳትረሳ። ባለፈው ፎቶ የላከልኝ ሰው አልበሳውም ነበር፣ «ለምን ቢጫ ሆነ» ይለኛል፣ ተክሉ ረግረግ ውስጥ ቆሞ።