ለባክፍሎው መርማሪነት ኮርሱ ብቻ ይበቃል ወይ ላሉት ወንድም

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ዳላስ አካባቢ በአፓርትመንት ጥገና እንደሚሠሩ ገልጸው፣ የባክፍሎው (የቆሸሸ ውኃ ወደ መጠጥ ውኃው መስመር ተመልሶ መፍሰስ) መከላከያ መሣሪያዎችን ለመመርመር ላይሰንስ ለማውጣት ኮርሱ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። የቴክሳስ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን ከ40 ሰዓቱ ሥልጠናና ከፈተናው በተጨማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃና ተቀባይነት ባለው መስክ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ለኮርሱ ከመክፈልዎ በፊት የልምድ ማስረጃውን በእጅዎ ያስገቡ። ጥገና ሲባል ቀለም መቀባቱም ቁልፍ መቀየሩም ስለሚገባበት፣ የሠሩት የቧንቧ ሥራ ተለይቶ ይጻፍልዎ። የቀድሞ አሠሪዬ «ላይሰንሱን ስታገኝ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው» ብሎ ፊርማውን ከልክሎኝ ነበር፤ በኋላ የፈረመልኝ በሥራው ላይ አለቃዬ የነበረ ባለፈቃድ የቧንቧ ባለሙያ ነው።

ሁለተኛ፣ በተግባር ፈተናው ላይ ቁጥር መሸምደድ አያዋጣም። አርፒ በሚባለው፣ ሁለት ቼክ ቫልቮች (ውኃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) ባሉት መከላከያ መሣሪያ ላይ፣ የማስተንፈሻው ቫልቭ በመጀመሪያው ቼክ ቫልቭ ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ከ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በታች ሳይወርድ መከፈት አለበት የሚባለው፣ ቼክ ቫልቮቹ ሲያረጁ የቆሸሸው ውኃ ወደ መጠጥ ውኃው እንዳይመለስ የሚከላከለው እርሱ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው የጌጁ፣ ማለትም የሚመረምሩበት የግፊት መለኪያ ጉዳይ ነው። ጌጁ በየዓመቱ ትክክለኛነቱ መረጋገጥ አለበት፤ የስቴቱ ላይሰንስ ቢኖርዎትም ብዙ ከተሞች ለየብቻ መመዝገብንና ይህንኑ ማረጋገጫ ማስገባትን ይጠይቃሉ። አንድ የከተማ ውኃ ቢሮ ማረጋገጫዬን በመስኮት ከተቀበለ በኋላ ከፋይሉ አጥፍቶት፣ ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ ያስገባሁትን የምርመራ ውጤት ውድቅ አደረገው፤ የክሊኒኩ ባለቤትም ውኃዋ እንደሚቆረጥ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ደረሳት። ሄጄ ሳስረዳ ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሲስተሙ ላይ የለም» አለችና ቀጣዩን ሰው ጠራች። ከመስኮቱ ሳልርቅ ጠበቅሁ፤ ኃላፊው ሲመጣ የማረጋገጫውን ቅጂ፣ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳየውን ማኅተምና የጌጁን መለያ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀመጥሁለት፤ እዚያው እያለሁ ተቀብሎ መዘገበው። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ሴትዮዋ እስካሁን ደንበኛዬ ናት፤ ሌሎች ሐኪሞችንም ልካልኛለች፤ በዚህ እኮራለሁ። እርስዎም ያለ ማኅተም ወይም ያለ ኢሜይል ማረጋገጫ አንድም ወረቀት አያስረክቡ።

በግቢዎ ውስጥ የእሳት መከላከያ መስመር ካለ ደግሞ፣ ላይሰንሱን እንዳገኙ ሥራ አስኪያጁ «ይህንንም መርምርልን» ማለቱ አይቀርም። በእሳት መስመር ሥራ ፈቃድ ባለው ተቋራጭ ዘንድ በቋሚነት ካልተቀጠሩ በስተቀር አይንኩት፤ የቴክሳስ ደንብ አይፈቅድልዎትም። የልምድ ደብዳቤዎ ሲዘጋጅ ስምዎን ሸፍነው እዚህ ቢለጥፉት፣ አንብቤ የጎደለውን እነግርዎታለሁ።