ሐመል ነኝ ሑት? የኔታን ጠይቁ

ዛሬ ማታ ስለ ኮከብ ቆጠራ ጥያቄያችሁን ለመመለስ የኔታ ተራ ይዘዋል። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ያስተምራሉ፣ ባሕረ ሐሳብም (የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቀመር) ቆጥረዋል። "የምነግራችሁ ሰማዩን ነው፣ ዕድል አልናገርም" ብለዋል ከወዲሁ።

የቢቸናው፦ የኔታ ሚያዝያ 2 ነው የተወለድኩ። አንዱ አፕ ሐመል (Aries) ይለኛል የህንዱ ደግሞ ሑት (Pisces)፣ የቱ ነው የዋሸኝ?

የኔታ፦ መነሻቸው ነው የሚለያየው። የምዕራቡ ሐመልን የሚጀምረው ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆንበት ከመጋቢት 11 ገደማ ነው፣ ከዋክብቱ የትም ይሁኑ ግድ የለውም። የህንዱ ከዋክብቱን ይዞ ይቆጥራል፣ ሐመል የሚገባለት ሚያዝያ 6 አካባቢ ነው። የዛሬ 1,700 ዓመት ገደማ ሁለቱ ገጥመው ነበር፣ ግን የምድር ዘንግ ሊቆም እንደደረሰ እንዝርት ስለሚዞር በ72 ዓመት 1 ዲግሪ እየተንሸራተተ ይኸው 24 ዲግሪ ሆነ። ዙሩን የሚጨርሰው በ26,000 ዓመት ገደማ ነው።

ሰላም፦ ከባለቤቴ ጋር ኮከባችን ይገጥማል?

የኔታ፦ ዕድል አልናገርም ብያለሁ።

ማርቆስ07፦ ናሳ 13ኛ ኮከብ ጨመረ የሚሉትስ?

የኔታ፦ አልጨመረም። ኮከብ ቆጣሪው ሰማዩን 12 ቦታ እኩል ይቆርሳል፣ ፀሐይ የምታልፍባቸው የሚታዩት ከዋክብት ግን 12 ብቻም እኩልም አይደሉም፣ ፀሐይ አቅራብ (Scorpio) ውስጥ ህዳር ላይ 7 ቀን ገደማ ነው የምትቆየው።

ደጀን ማዶ፦ አያቴ በስም የሚቆጥሩትስ?

የኔታ፦ የራስህንና የእናትህን ስም ፊደል በቁጥር ደምሮ በ12 መግደፍ (አካፍሎ ቀሪውን መያዝ) ነው፣ ሰማይ ቢንሸራተት አይነካውም። ቀጥሉ።

ማርቆስ07፦ እንዲያውም ትክክሉ እሱ ነው!

ዲያቆኑ፦ ሁሉም ጥንቆላ ነው።

ማርቆስ07፦ ቆሎ ተማሪ ሳለህ የስንቷን ኮከብ ቆጥረህ ነው ዛሬ…

የኔታ፦ ኧረ በቃ! በውስጥ መስመር ተሰዳደቡ።

ፍቅር፦ ግንቦት 10 የተወለደ ኮከቡ ምንድነው?

የኔታ፦ በየትኛው ቆጠራ? ከላይ አንብቢ እንጂ እህቴ።

የአባይ ልጅ፦ የኛ ዘመን አቆጣጠርስ ይንሸራተታል?

የኔታ፦ ጎሽ! ይችን ነበር የጠበኩ። የኛ ዓመት በአማካይ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው። የወቅቶቹ ዓመት ከሱ በ11 ደቂቃ ያንሳል፣ ፀሐይ ወደዚያው ኮከብ የምትመለስበት ደግሞ በ9 ደቂቃ ይበልጣል፣ እኛ መሀል ላይ ነን፣ ከሁለቱም አይደለንም! ባሕረ ሐሳብ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆነው መጋቢት 25 ነው ይላል፣ ቀመሩ ሲሰራ ልክ ነበር፣ አሁን ግን ሰማዩ 14 ቀን ቀድሞታል። ካላመንክ ግቢህ ውስጥ ዱላ ትከልና የጥላውን ጫፍ በየሰዓቱ በጠጠር ምልክት አርግ። መጋቢት 11 ጠጠሮቹ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ፣ በ25 ጎበጥ ይላሉ።

ዲያቆኑ፦ ዘንድሮ በ11 እኛ ጋ ደመና ነበር።

የኔታ፦ መስከረም 12 ወይ 13 ሞክረው።

ዲያቆኑ፦ በመስከረም? ጮቄ ተራራ ስር ቁጭ ብዬ? 😂